ጋዜጣው ላይ የተቀመጠው ቺንጋ

መካኒኩ ማ ዳልሱ ያቺን ነጭ መኪና ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቃታል። ኖሩ የሚባለውን አቀበት ጨርሳ ወደ ከተማው ስትወርድ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ታጉረመርማለች፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ትረጋጋለች፤ ከዚያ ከጋራዡ በላይ ባለው ኩርባ ብቅ ትላለች። በየአምስት ቀኑ ገበያ በሚቆምበት ጠዋት ዳልሱ ራዲዮኑን ይቀንስና በር ላይ ይቆማል። ምን ትጠብቃለህ ላለው ሁሉ ሰማዩን እያየሁ ነው ይላል።

ቶልጎል የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ሳይዘጋ በፊት ሞቅ ያለች ከተማ ነበረች። ያኔ ዳልሱ በር ላይ መኪና ተሰልፎ ያድር ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋ ሰዉ ዕቃውን እየጫነ ወደ ትልልቁ ከተማ ነጎደ፤ የዳልሱም ሚስት አብራ ሄደች። ዕቃዋን የጫነውን የጭነት መኪና በዋዜማው ጠግኖ ያስረከበው ራሱ ዳልሱ ነው። መኪናው መንገድ ላይ አንዴም ሳይቆም ሴኡል ገባ።

«አንተም እንደ ሌላው መካኒክ ብታበላሸው ኖሮ ይሄኔ ቤትህ ሰው ይኖርበት ነበር» ትለዋለች ከፊት ለፊት ኑድል ቤት ያላት ማልሱን። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ እሱ እትዬ ይላታል፤ እሷም ሲያሰኛት ትመክረዋለች፣ ሲያሰኛት ታበሽቀዋለች። ከማልሱን ሌላ ዳልሱን በስሙ የሚጠራ ሰው ከተማው ውስጥ አልቀረም ማለት ይቻላል። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መጥረግ ምን ይባላል ብሎ ነው። መፍቻ ሲጠፋበት «የት ገባህ አንተ ደግሞ?» እያለ ጮክ ብሎ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ደግሞ ይቆጣዋል። ብቸኝነት እንዲህ ነው፤ ሰውን ከብረት ጋር ያጣላል።

የነጯ መኪና ባለቤት ኦክ ቡንሬ ትባላለች፤ ሰዉ ግን በልጇ ስም የኪቴ እናት ነው የሚላት። ከአቀበቱ ማዶ ባለው መንደር በብርዱ ወራት በረዶ ውስጥ ተሰቅሎ የሚደርቀውን ዓሣ እያሰረች ታመጣና ቶልጎል ገበያ ትቸረችራለች። ባሏ የከሰል መኪና ሹፌር ነበር። አቧራው ሳንባውን ጨርሶት ሲሞት የተወላት ነገር ቢኖር ያቺ መኪናና ስለ መኪና የሚያወራውን ወሬ ነው።

ወደ ዳልሱ ጋራዥ የመጣችው ያለፈው መከር ላይ ነው። የምትሸጠውን ሸጣ፣ ራሷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ እየፈታች ገባች።

«አለቃ፣ ባሌ አንድ ነገር ይለኝ ነበር» አለችው። «‘ፍሬን ሲያልቅ ይጮህልሻል፣ ጎማ ሲበላ ዓይንሽ ያየዋል፤ የታይሚንግ ቺንጋ ግን እስኪበጠስ ድረስ ትንፍሽ አይልም፤ ስለዚህ ቀድመሽ አስቀይሪው’ ይለኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ያየው ሰው የለም። እስቲ ይዩልኝ።»

ዳልሱ ኮፈኑን ከፍቶ የላይኛውን ሽፋን ፈታ። ይህ ቺንጋ ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ የሞተሩን የላይና የታች ክፍል እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው። ከተበጠሰ ፒስተን ከቫልቭ ይላተማል፣ ሞተሩ እዚያው ይሞታል። ሜዳ ላይ ከሆነ ኪሳራ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፤ የኖሩ አቀበት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ገደል ነው። ዳልሱ ጎማውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ኋላ ጎበጥ ሲያደርገው ጀርባው ላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች አየ። መቀየር አለበት። ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው እንኳ ይህን ለማለት አያመነታም።

ቡንሬ ከአሮጌ አውቶቡስ ተነቅሎ የመጣው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዳልሱ ለደንበኛ ሁሉ እንደሚያደርገው የፓኬት ቡና በወረቀት ስኒ በጥብጦ ሰጥቷታል፤ እሷም ባዶውን ፓኬት አጥፋ እንደ ማንኪያ እያማሰለችበት ነበር።

«ኧረ ተመስገን! ሌላ ሰው ያቀረበልኝን ቡና ከጠጣሁ ስንት ጊዜዬ!» አለች። ቀጥላም፣ ለወጉ ያህል፣ «ይኼ ነገር ከተቀየረማ ለብዙ ዓመት አላስቸግርዎትም» አለች።

ዳልሱ ቃሏ ከአንገት በላይ መሆኑን ሊያውቅ ይገባ ነበር። እሱ ግን እንደ ፍርድ ሰማው። ለብዙ ዓመት ማለት ያ ወንበር ለብዙ ዓመት ባዶ ሊሆን ነው ማለት ነው። ቺንጋውን ከጣቱ ለቀቀና፣

«ገና ነው» አለ። «ይሠራል። ግን ያረጀ ዕቃ ነውና ገበያ በመጡ ቁጥር ጎራ እያሉ ቢያሳዩኝ ጥሩ ነው።»

«እየመጣሁ ሥራ ላስፈታዎት?»

«ምን ሥራ አለ ብለው ነው!»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ክው አለ። ሽፋኑን ሲያስር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

እንዲህ ተጀመረ። ቡንሬ በየገበያው ዓሣዋን ሸጣ ስትጨርስ ጎራ ትላለች። ዳልሱ ሽፋኑን ይፈታል፣ ያያል፣ ይገጥማል። ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ እሷ ያልተሸጠላትን ዓሣ ታወጣለች፣ እሱ ምድጃው ውስጥ ባለው ክብ የከሰል ጡብ ላይ ይጠብሰዋል፣ ቃጫ ቃጫውን እየቀደዱ ያወራሉ። ሙታኑም ሕያዋኑም ይታማሉ። ባሏ እንቅልፍ ሲወስደው በእግሩ ፍሬን ይረግጥ እንደነበር ነግራው ዳልሱ እስኪያለቅስ ሳቀ። እሱም ጉድጓዱ የተዘጋ ቀን ሠራተኛው ሁሉ መብራት ያለበትን ቆብ ይዞ ቤቱ እንደገባና ልጆች ለወራት መንገድ ላይ እንደተጫወቱበት አወራላት። ስትሄድ ውጭ ይወጣና የሞተሩ ድምፅ አቀበቱን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይቆማል። ምሳውን የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ከማልሱን ዓይን የሚያመልጥ አልነበረም።

«ዳልሱ፣ ያቺ መኪና ምን ዓይነት በሽታ ቢይዛት ነው እንዲህ ሐኪም ጋ የምትመላለሰው?»

«ቺንጋዋ ነው እትዬ። ክትትል ይፈልጋል።»

«ክትትልስ የሚፈልገው ሌላ ሰው ይመስለኛል። ጢምህን ተላጭተሃል ደግሞ! ቺንጋውን እንዳይወጋው ነው?»

ዳልሱ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ኮፈን ውስጥ ተደበቀ።

በረዶው ጣለ፤ ብርዱ ጎማን ያደርቃልና ስንጥቆቹ ሰፉ። ዳልሱ ይህን በየአምስት ቀኑ በገዛ ዓይኑ ያያል። ከትልቁ ከተማ አዲስ ቺንጋ አስመጥቶ ከዘይት ቆርቆሮዎቹ ኋላ ሸጎጠው። መድኃኒቱን ገዝቶ ለታማሚው የማይሰጥ ሰው ቢኖር እሱ ነው። በሚቀጥለው ገበያ እቀይረዋለሁ እያለ ራሱን ይሸነግላል። የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ ደግሞ ቡንሬ ጓንቷን አውልቃ እጇን ምድጃው ላይ ስታሞቅ፣ «በሉ አለቃ፣ ዛሬስ ምን ይላል?» ስትለው፣ ምላሱ ያችኑ የለመዳትን ቃል ያወጣል። ጭጋግ በወረደበት ቀን አቀበቱ ላይ ያለችበትን እያሰላ መቀመጫ ያጣል። ያን ያህል ከፈራህ ለምን አትቀይረውም የሚለው ማንም አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰው ቢኖረውማ መጀመሪያም አይዋሽም ነበር።

ዓሣ ማድረቂያዎቹ ባዶ የሚሆኑበት የፀደይ ወር ገባ። ቡንሬ አንድ የገበያ ቀን ወደ ገበያው ሳትሄድ መጀመሪያ ጋራዡ ደረሰች። ፊቷ በርቷል።

«አለቃ፣ ካሁን በኋላ ብቻዬን አልነዳም!» አለች ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ኪቴና ሚስቱ ፋብሪካው ፈረቃ ለወጠባቸውና ልጃቸውን እኔ ጋ ሊያመጧት ነው። ሶልሂን። መዋዕለ ሕፃናቱ ያለው እዚህ ቶልጎል አይደል? ጠዋት ላምጣት፣ ማታ ልመልሳት ነው። ስሙኝማ፣ የኋላውን ቀበቶ እስቲ ሳብ አድርገው ይዩልኝ። ዘመኑን ሙሉ ዓሣ እንጂ ሰው አልተቀመጠበትም።»

ዳልሱ የኋላውን በር ከፈተ። ወንበሩ ተጠርጎ አበባ ያለበት ትንሽ ትራስ ተደርጎበታል። ቀበቶውን ጎትቶ ነካው፤ ደህና ነው፤ ጥብቅ ይላል። ትራሱን አየ። ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ በዚያ አቀበት። የኋላውን በር ዘጋ።

«መኪናዋን ይተዉልኝ» አለ።

«ቀበቶው ተበላሽቷል?»

«ቺንጋውን ልቀይረው ነው። አሁኑኑ።»

«ባለፈው ገበያ ገና ነው አላሉኝም?»

«ያኔ ያኔ ነው።»

ቡንሬ ትክ ብላ አየችውና ሳቀች። «ልጅ ትመጣለች ስልዎት እርስዎ ከእኔ ባሱ! በሉ ይሁን» አለች። ከማልሱን ጋሪ ተውሳ ዓሣዋን ጭና ወደ ገበያው ሄደች።

ዳልሱ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን አወለቀ፣ ሌሎቹን ቺንጋዎች ፈታ፣ ቺንጋ የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሊ አወጣ፣ ሽፋኖቹን አነሳ። የላይኛውና የታችኛው ምልክት መስመራቸውን እስኪይዙ ሞተሩን በእጁ አዞረና በነጭ ቀለም ነጥብ ነጥብ አደረገባቸው። መወጠሪያውን አላልቶ አሮጌውን ቺንጋ መዞ ሲያወጣው ከላይ በኩል በማይታየው ቦታ፣ ታች በተደበቀው ጎን፣ ጥርሶቹ ከሥራቸው ተገንጥለው በክር ብቻ ተንጠልጥለዋል። ሲያየው የነበረው የተሻለውን ጎን ነው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ይህ ነገር ትናንት ያልተበጠሰው በማን ደግነት እንደሆነ አያውቅም፤ በእሱ ግን እንዳልሆነ ያውቃል።

ቆይቶ ተነሳ። አዲሱን ቺንጋ ጥርስ በጥርስ እየገጠመ አስገባ፣ ወጠረ፣ ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ዳግም መገናኘታቸውን አየ። የውሃውን ፓምፕም ሳትጠይቀው ቀየረላት። አስነስቶ ሲሰማው ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወጥ ባለ ድምፅ ይሄዳል።

አሁን የቀረው ጋዜጣው ነበር። ቶልጎል ውስጥ የወጣን ዕቃ ሳያሳዩ መኪና ማስረከብ ነውር ነው። በጉድጓዱ ዘመን ከሌላ ቦታ የመጡ ወስላቶች ሳይቀይሩ ቀየርን እያሉ የሠራተኛውን ኪስ ሲያራቁቱ የከተማው መካኒኮች ያመጡት ልማድ ነው፤ የወጣው ዕቃ ጋዜጣ ላይ ይቀመጣል፣ ባለመኪናው በእጁ አንስቶ ያየዋል፣ ከዚያ ስለ ልፋቱ ለማመስገን «ደክመዋል» ይላል። ይህ ቃል ሳይባል ሥራው አለቀ አይባልም። ቡንሬ ደግሞ የሹፌር ሚስት ናት፤ የቺንጋን ስንጥቅ ማንበብ ከባሏ ተምራለች። ያን ነገር አንዴ ብታነሳው የአምስት ቀን ሳይሆን የወራት ጉዳት መሆኑን ታውቃለች።

ዳልሱ ጋዜጣውን አነጠፈ። አሮጌውን ቺንጋ በእጁ ይዞ ብዙ ቆመ። ጥግ ላይ ባለው የውዳቂ ክምር ውስጥ ከአንድ ጡረተኛ የፖስታ ሠራተኛ ተመሳሳይ መኪና የወጣ ቺንጋ አለ፤ ያረጀ ግን ጤናማ፣ ጥቂት ስንጥቅ ያለበት። ያንን አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ጋዜጣው መሐል አስቀመጠው። የቡንሬን ቺንጋ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ወረወረው።

እሷ ባዶ ጋሪዋን እየገፋች ስትመጣ ሻርፗን እንኳ ሳትፈታ ወደ ጋዜጣው ሄደች። ቺንጋውን አነሳችው፣ ወደ ኋላ ጎበጥ አደረገችው፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብላ አየችው።

«ይኸው ነው እንዴ? ይኼማ ገና ብዙ ይሄዳል!» አለች። ከዚያ ቺንጋውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ፊቷ ለስለስ አለ። «አይ አለቃ። ለልጅቷ ብለው ነው አይደል? አንዴ እንኳ ያላዩዋትን ልጅ። ደክመዋል። በጣም ደክመዋል።»

ዳልሱ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ የተጠረገውን እጅ መልሶ ይጠርጋል።

«ደግሞ ቺንጋው አለቀልኝ ብላ ትቀራለች ብለው እንዳያስቡ» አለች ወንበሯ ላይ እየተቀመጠች። «ዓሣዬን ከሸጥኩ በኋላ ወዴት እሄዳለሁ? ቡናው እስካለ እመጣለሁ። ሶልሂንም አመጣታለሁ፤ ጣልቃ እየገባች ታስቸግርዎታለች እንጂ ጨዋ ናት። ኪቴ በዚያ መንገድ ልጄን እንዴት ታመላልሻታለሽ ሲለኝ ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? ቶልጎል ውስጥ መኪናዬን በየአምስት ቀኑ የሚያይልኝ ሰው አለ፣ እሱ ደህና ነው ካለ ደህና ነው አልኩት።»

እነሆ፣ ዳልሱ ከመከር ጀምሮ የፈለገው ሁሉ ፊቱ ቀረበለት። ወንበሩ ባዶ አይሆንም። ሕፃን ልጅ እየተሯሯጠች መፍቻዎቹን ትደብቅበታለች። ከእሱ የሚጠበቀው ቡናውን በጥብጦ ዝም ማለት ብቻ ነው፤ አደጋው አልፏል፣ ቺንጋው አዲስ ነው፣ ማንም አልተጎዳም። ስኒውን አነሳ። ውሃውን ቀዳ። ልጇን እንዲህ ብላ እንዳሳመነችው ሲያስብ ግን እጁ ላይ ያለው ስኒ ከበደው። ከዚህች ሴት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያ ነገር እያለ፣ እስከ መቼ ዓሣ ሊበላ ነው? ስኒውን መልሶ አስቀመጠ።

«ያ የእርስዎ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«ያዩት ቺንጋ። የእርስዎ እሱ አይደለም።»

ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አወጣና ጋዜጣው ላይ አኖረላት። ቡንሬ እየሳቀች ነበር የተነሳችው፤ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ቺንጋውን አንስታ ጎበጥ ስታደርገው አንዱ ጥርስ ተገንጥሎ ጋዜጣው ላይ ጠብ አለ። ሳቋ ቆመ። ቺንጋውን እየጎተተች፣ በጣቷ እየዳበሰች፣ ዙሪያውን ተመለከተችው።

«ይኼ የአንድ ቀን አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«መጀመሪያ ከመጡበት ቀን።»

«በበረዶው ጊዜም?»

«በበረዶውም።»

ውጭ ማልሱን ቆሻሻ ውሃ ደፍታ ስትገባ ተሰማ። ቡንሬ ቺንጋውን አልለቀቀችውም።

«ለምን?»

ዳልሱ ሊዋሽ ቢፈልግ እንኳ የሚዋሸው አልቀረውም። «ከተቀየረ ለብዙ ዓመት አላስቸግርዎትም አሉኝ» አለ። «እንዲመጡ ብዬ ነው። ሰው አይመጣም እዚህ።»

 የቡንሬ ፊት በቁጣ ቀላ፤ አንቱታውም እዚያው ቀረ።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያን አቀበት በጭጋግ ስወጣ ምን እያልኩ እንደምወጣ ታውቃለህ? አይዞሽ፣ አለቃ ዛሬ አይቶታል እያልኩ ነው! እኔ ጸሎት እንኳ ትቼ በአንተ ነበር የምምለው!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! ነይ ብትለኝ አይቀልም ነበር? ‘የኪቴ እናት፣ ቡና አብረን እንጠጣ’ ማለት አፍ ያሳምማል? ታዲያ እኔ በየገበያው የምመጣው ቺንጋ ለማየት መሰለህ? መኪና ቤቴ አጠገብም የሚያይ አለ! አቀበቱ ሥር ጋራዥ አለ፣ በነጻ ያይልኛል፣ የባሌ ወንድም ነው። እዚህ የምመጣው ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ስላጣሁ ነው።»

ዳልሱ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ስድብ ቢሆን በቀለለው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ፣ ውሃ የተቀዳበትና ያልተቀዳበት፣ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ቡንሬ ቺንጋውን ጋዜጣው ላይ መልሳ አስቀመጠች። የወደቀውን ጥርስ አንስታ አጠገቡ አኖረችው። የሥራውን ሒሳብ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትታ ሻርፗን አጠበቀችና ወጣች። አስነሳች፤ ሞተሩ ምንም ሳያጉረመርም ተነሳ። አቀበቱን ስትወጣ ዳልሱ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አሁን የሚሰጋበት ነገር ስላልነበረ ግን ምን እንደሚያዳምጥ አያውቅም ነበር።

በቀጣዩ ገበያ ምድጃውን ለኮሰና ጠበቀ። መኪናዋ አለፈች። ከዚያ በኋላ ባለው ገበያም አለፈች። ዳልሱ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቃት ገበያው ዳር ድረስ ደረሰ፤ ዓሣዎቿን እያስተካከለች ነበር። ቀና ብላ አየችውና አልተቆጣችም፤ «ምን ልስጥዎት?» አለችው፣ ለማንም እንደምትለው። አንድ እስር ዓሣ ገዝቶ ተመለሰ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከአቀበቱ ማዶ መኪናዎች ወደ ዳልሱ ጋራዥ ይመጡ ጀመር። የዓሣ ጫኝ፣ የእንጉዳይ ነጋዴ፣ አንድ የቤተ መቅደስ መነኩሴ ሳይቀር። «የኪቴ እናት ናት የላከችን» ይላሉ። ዳልሱ ማመን አቅቶት ማልሱንን ጠየቃት።

«እኔ ምኑን አውቄ?» አለች ማልሱን፣ ለአንዴ እንኳ ሳታሾፍበት። «ገበያው መሐል ስምህን ስታነሳ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ‘እሱ ጋ ውሰዱ፣ የሚያስጠላውን እውነት ራሱ አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ያስቀምጥላችኋል’ ነው ያለቻቸው። እስቲ አንቺም ጎራ በይ እንጂ ስላት ግን፣ ‘መኪናዬ ደህና ናት፣ ምን አደርጋለሁ?’ አለችኝ።» ቀጥላም፣ «ዳልሱ፣ ምን አድርገሃት ነው?» አለችው።

ዳልሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሳ። እውነቱን ነው፣ ሥራ ነበረበት። ከጉድጓዱ መዘጋት ወዲህ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። የሚመጡት ሰዎች ግን ቸኳዮች ናቸው፤ ቡናቸውን ቆመው ይጠጣሉ፣ ጋዜጣውን ያያሉ፣ «ደክመዋል» ይላሉ፣ ይሄዳሉ።

ነጯ መኪና አሁን በየቀኑ ታልፋለች፤ ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ማታ ወደ ቤት። ቡንሬ ሁለቱን እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች፤ ወደ ጋራዡ አትዞርም። ኋላ፣ ትራሱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን በመስኮቱ እጇን ታውለበልባለች። ዳልሱን አታውቀውም፤ ለማልሱንም፣ ለመንገድ ውሻም፣ ለመብራት ምሰሶውም እንደዚያው ነው የምታውለበልበው። ዳልሱ በእጁ የያዘውን ያስቀምጥና እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ መኪናዋ ኩርባውን እስክትዞር ድረስ መልሶ ያውለበልብላታል።